የዘበኛው ይርጋ መርዶ

ማክሰኞ ጠዋት የአየር ትንበያው እንዳለቀ እንደ ወትሮው የዕለቱ ማስተካከያ ተነበበ። በ«ብሎክ ዘጠኝ» ድራማ ውስጥ የወይዘሮ ሰናይት ሶፋ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። በክፍል ስልሳ ሁለት የዘነበው ዝናብ አልዘነበም። ፋርማሲስቱ ሁለት እህቶች ብቻ አሉት፤ ሦስተኛዋ ስህተት ነበረች። ዘበኛው ይርጋ ደግሞ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አልነበረም። አንባቢዋ ፈገግ ብላ መልካም ቀን ተመኘችና የስፖርት ዜና ቀጠለ።

ኤልዳና ቁርሷን እየበላች ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰችና «ምን አለች?» ብላ ዜናው የሚታይበትን ግድግዳ ጠየቀችው። ግድግዳው ማስተካከያውን በዚያው ድምፅና በዚያው ፈገግታ ደገመላት።

ዘበኛው ይርጋ ባሏ ነበር። በትክክል ለመናገር፣ ይርጋን ሆኖ የተወነው ናሆም የሚባል ሰው ነበር፤ ናሆም ደግሞ ባሏ ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትልቅ ተዋናይ አልነበረም፤ ይህን እሱም አሳምሮ ያውቅ ነበር። «ብሎክ ዘጠኝ» በሁለት ሺህ ሃያዎቹ ሲቀረጽ ሥራ ፈትቶ የሚንገላታ ጎረምሳ ስለነበር የዘበኛ ካፖርት አልብሰው በር ላይ አስቀመጡት። አርባ ክፍሎች ላይ ታይቷል። እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ ይልና «ማንን ፈልገው ነው?» ይላል። እንግዳው ስም ይጠራል። ይርጋ «አለች፣ ይግቡ» ወይም «ወጥታለች» ይላል። የትወናው ነገር ይኸው ነው።

ሌላ ምስል የለውም። የሰዉን ፎቶ ሁሉ ያስቀምጥ የነበረው ድርጅት ከአምስት ዓመት በፊት ሲዘጋ የከተማው ግማሽ ሕዝብ ከሠርጉና ከልጆቹ ክርስትና ጋር ተሰነባብቷል። ሰዉ አንድ ሰሞን ተቆጣ፣ ከዚያ ለመደው። ኤልዳና ግን ድራማው ስለነበራት ከብዙዎች ትሻል ነበር። ማታ ማታ ራቷን አቅርባ አንድ ክፍል ትከፍታለች። «ማንን ፈልገው ነው?» ሲል «አንተን» ትለዋለች። ከዚያ ትበላለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም ሰው የለም።

ማስተካከያ የሚመጣው ሁለት ድራማ ሲጣላ ነው። አምና የጀመረው «ብሎክ ዘጠኝ ሲሠራ» የሚባለው ድራማ ከዋናው ድራማ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ይተርካል፤ ሕንፃው እንዴት እንደተሠራ፣ ማን ከማን ጋር እንደተዋወቀ። አዲሱ ስለ ድሮው ብዙም አያውቅም፤ ተመልካቹ ግን ብዙ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ብዙ ሰው ያየው ይጸናል፣ ሌላው ይታረማል። በአዲሱ ድራማ ወይዘሮ ሰናይት ቡናማ ሶፋ ገዛች፤ ስለዚህ በድሮው ያለው ሶፋም ቡናማ ሆነ። ታክሲ ውስጥ «እኔ እኮ ሰማያዊ ሆኖ አይቼዋለሁ» የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። ተሳፋሪው ዝም ይለዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይላል።

ኤልዳና አዲሱን ድራማ አይታው አታውቅም፤ እንደ ሌባ ነበር የምትቆጥረው። የዚያን ቀን ግን ባለፈው ሐሙስ የተላለፈውን ክፍል ከፈተችው። ይርጋ የቀን ሠራተኛ ነው። ፊቱ የናሆም ፊት ነው፤ ማሽኑ የሃያ ዓመት ልጅ አስመስሎታል። ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰበረና ወደቀ። ፎርማኑ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት ሽማግሌዎች በጭቃ መንገድ ወደ አንዲት ቤት ሲሄዱ ታየ። ዋሽንት ተነፋ። ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ።

ከሰኞ ጀምሮ የሚታየው፣ የታረመው የድሮው ድራማም ለናሙና ተለጥፎ ነበር። እሱንም አየችው። አንድ እንግዳ ወደ በሩ መጣ። ወንበሩ ባዶ ነው። እንግዳው ጥቂት ቆመና «ወይዘሮ ሰናይትን ፈልጌ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። በሩ ራሱ ተከፈተ። እንግዳው ለባዶው ወንበር እጅ ነስቶ ገባ።

ኤልዳና ነጠላዋን ደርባ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረደች፤ ወደ አቶ ኢዮስያስ ቤት። ኢዮስያስ የብሎኩ ዕድር ሰብሳቢ ነው፤ የናሆምም የልብ ጓደኛ ነበር። ጎረቤቱ ከጀርባው «ሟቹ» ይለዋል፤ እሱም ያውቃል። ገና በሃያ አራት ዓመቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ መተማ መንገድ ላይ ሲሠራ መኪናው ተገለበጠ ተባለና ለእናቱ መርዶ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ርቦት ቤቱ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። «ማን ሞተ?» ብሎ ቢጠይቅ ለቀስተኛው ሁሉ ጥሎት ሸሸ። እናቱ በነጠላ ጫማ ከመታችው በኋላ ነው ራሷን የሳተችው። የዕድር ሰብሳቢ አድርገው ሲመርጡትም ልምድ አለህ ብለውት ነበር።

«አይተኸዋል?» አለችው ገና በሩን ሲከፍት።

«አይቼዋለሁ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ኤልዱ። የናሆም ቀብር ዕለት ሳላለቅስ ቀረሁ፤ ድንኳን አስተክል፣ ወንበር አስቆጥር ነበር። ያንን ሁሉ ሐሙስ ማታ አወጣሁት።»

«ከሰኞ ጀምሮ አልነበረም ይላሉ።»

«ሰማሁ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ስንት ዓመት በር ሲከፍት የኖረ ሰው እንዴት ነው የማይኖረው?»

ኢዮስያስ ተነፈሰ። «ምን ይደረግ? ሰውዬው ወድቆ ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተነስቶ በር ቢከፍት ሰው ምን ይላል?»

«ሞተ ያለው ማን ነው?»

«መርዶ ነጋሪዎቹ ሲሄዱ አላየሽም?»

«አየሁ። ለማን ሊነግሩ ነው የሚሄዱት?»

«ለቤተሰቡ ነዋ።»

«የቱ ቤተሰቡ? ይርጋ እናቱ ስትወልደው ነው የሞተችው፤ ለፋርማሲስቱ ሲነግረው አልሰማህም? አባቱን አያውቅም። ወንድም የለው፣ እህት የለው። ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ጭቃ እየረገጠ ለባዶ ቤት መርዶ ሊነግር ነው?»

ኢዮስያስ አንድን ነገር ከሥርዓቱ አንጻር ሲጠይቁት ሰበብ መፈለግ ልማዱ ነው፤ ዕድር ሲሰበሰብም እንዲሁ ነው። «ማሽን የጻፈው አይደል» አለ በመጨረሻ። «ጭቃውና ጎሁ አምሮበት ይሆናል። መርዶ ሰሚ እንደሚፈልግ የት ያውቃል?» ቅር እንዳለው ሰውም አጉተመተመ። «ደግሞ መርዶ ሁሉ እውነት ነው እንዴ? ለእኔ ስንት ቀን ነው የተለቀሰው?»

ኤልዳና ያኔ ተቀመጠች።

የድራማዎቹ ማስታረቂያ ቢሮ መሀል ከተማ አንድ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ነው። ማንኛውም ተመልካች ማስተካከያው ከመጽናቱ በፊት ሁለቱን ድራማዎች የሚያስታርቅ ሐሳብ ይዞ መቅረብ ይችላል፤ መብት ነው። ረቡዕ ጠዋት ኤልዳና ስትደርስ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዝናቡን ሊያስመልስ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ምክንያቱን አልተናገረም። ሌላዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቀጥ ብላ የተቀመጠች አሮጊት ናት። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ «ሦስተኛዋ እህት እኔ ነኝ» አለቻት፣ ስሟን እንደምታስተዋውቅ ሁሉ። ኤልዳና «እግዜር ያውቃል» አለቻት።

የተቀበለቻት አስታራቂ አስካለ የምትባል ወጣት ናት፤ ንጹሕ ለብሳ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምታናግር። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ የሚባለውን ሁሉ ያዳምጣል።

«እማማ፣ ከአዲሱ ድራማ ምንም እንደማይቀነስ ያውቃሉ አይደል? ብዙ ሰው ያየው ነው።»

«አንዳች አልቀንስም። ይውደቅ። ፎርማኑም ኮፍያውን ያውልቅ። ሽማግሌዎቹም ይሂዱ።»

«ታዲያ ሞቷል ማለት ነው።»

«ወደቀ እንጂ መቼ ሞተ? ሐኪም ቤት ይዘውት ሲሮጡ ሰዉ ሞተ ብሎ አወራ፤ ሽማግሌዎቹም የሰሙትን ይዘው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ክንዱን ታስሮ ለቅሶው መሀል ከች አለ። ከዚያ በኋላ የቀን ሥራ እርም ብሎ ዘበኛ ሆነ።»

አስካለ ግራ በመጋባት አየቻት። በእሷ ዕድሜ መርዶ በመልእክት ነው የሚደርሰው፤ ከሥሩ ሦስት ዓይነት የሐዘን መግለጫ ይቀርባል፣ አንዱን መርጦ መላክ ነው። «ሳያረጋግጡ ለሰው ይናገራሉ?» አለች።

«ልጄ፣ ያኔ ማን ያረጋግጣል? የብሎካችን ዕድር ሰብሳቢ ራሱ ተለቅሶለት የተመለሰ ሰው ነው። ዛሬም አለ፤ ደም ግፊቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም።»

አስካለ ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳው ጥቂት አሰበ። ፊቷ ሲፈካ ኤልዳና አየች።

«ወዶታል፣ እማማ! ሁለቱም ድራማ አይነካም ይላል። ተለቅሶለት የተመለሰ ዘበኛ ቢሆን ተመልካች ይወደዋል ይላል።» ከዚያ ማንበቧን ቀጠለችና ድምጿ ቀነሰ። «አንድ ነገር ጎድሎታል። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለማን ነገሩ? የሚያለቅስለት ሰው ከሌለ መርዶ የለም፤ መርዶ ከሌለ ደግሞ የተሳሳተ መርዶ ሊኖር አይችልም። ያለዚያ ሞቱ ይጸናል።»

ይህ ኢዮስያስን ያፋጠጠችበት የራሷ ጥያቄ ነበር። ማታ በአልጋዋ ላይ ስታገላብጠው አድራ መልስ አላገኘችለትም። እናትም አባትም የለ። ጓደኛ እንዳይባል፣ ለጓደኛ በማለዳ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚሄድ የለም። ድንገት፣ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ አግብተሃል ወይ ብሎ ይርጋን የጠየቀው አንድም ሰው እንደሌለ ትዝ አላት። ዘበኛን ማን ይጠይቃል?

«ሚስት ነበረችው» አለች።

«በድሮው ድራማ አትታይም።»

«የለችም ያለም የለም።»

ግድግዳው አሰበ። «ይሆናል ይላል» አለች አስካለ። «ሚስቱን ማን እናድርጋት?»

ኤልዳና ፊቷ ሲግል ተሰማት። በዚህ ዕድሜዋ ማፈሯ ራሱ አናደዳት። «እኔ ልሁናት» አለች። «ለነገሩ ነኝ።»

አስካለ አልሳቀችም። «የዚያን ጊዜ ምስል አለዎት? በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው?»

«ሁሉም ጠፋ። ድርጅቱ ሲዘጋ።»

«ቀረጻው ቦታ ሄደው አያውቁም? ከኋላ እንኳ ቢታዩ፣ በአንድ ጥግ...»

«በየቀኑ ነበርኩ» አለች ኤልዳና። «ካሜራው ግን እሱ ላይ ነበር።»

«ፊቱን እኛ እንፈጥራለን» አለች አስካለ ቀስ ብላ። «ስም ግን የእርስዎን ልንሰጣት እንችላለን። ኤልዳና ትባል?»

ኤልዳና አሰበች። በማታውቃት ሴት ፊት ላይ ስሟ ተለጥፎ ታያት። «አይ፣ ስሜን ተዉልኝ። ሌላ ስጧት።»

«ብርቄስ?»

«ብርቄ ትሁን።»

«አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እማማ። አንዴ ከገባች ትቀጥላለች። ባለትዳር የሆነ ሰው በሌላው ክፍል ላይ ላጤ ሊሆን አይችልም።»

«ትቀጥል። እሱ ይኑር እንጂ እሷ የፈለገችውን ትሁን» አለች ኤልዳና፣ አውራ ጣቷንም በተባለው ቦታ አሳረፈች። ስትወጣ ሦስተኛዋ እህት ገና እዚያው ተቀምጣ ነበር። ደስታዋን ለመደበቅ ሻርፗን ወደ አፏ ከፍ አድርጋ አለፈቻት።

ሰኞ ጠዋት ከአየር ትንበያው በኋላ ማስተካከያው ተነበበ። ዘበኛው ይርጋ አለ። ሞቷል የተባለው በስህተት ነው። ባለትዳር ነው፤ ሁሌም ባለትዳር ነበር። ኤልዳና እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። ኢዮስያስ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ! በሙያዬ ገባብኝ እኮ ሰውዬው!» እያለ ሳቀ፤ ሲስቅም ዓይኑ እንባ አዘለ። በአሳንሰሩ ውስጥ ያገኘቻቸው ሁለት ጎረቤቶች ስለ ይርጋ ሚስት ሲያወሩ ሰማች። አንዷ ከድሮም ትወዳት እንደነበር ትናገር ነበር።

ማታ ኤልዳና ፀጉሯን አበጠረች። ደህናውን ቀሚሷን ለበሰች። ራቷን አቀረበችና ከሁሉ የምትወደውን ክፍል ከፈተች፤ ይርጋ በካፖርቱ ኮሌታ ጆሮውን ሸፍኖ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው የሚታይበትን።

እንግዳ መጣ። ይርጋ ከወንበሩ ብድግ አለ። ቁመናው የናሆም ነው፣ ድምፁ የናሆም ነው። «ማንን ፈልገው ነው?»

«አንተን» አለች ኤልዳና።

እንግዳው ገባ። በድሮው ድራማ ቀጥሎ የሚታየው የወይዘሮ ሰናይት ሳሎን ነበር። አሁን ግን ምስሉ በሩ ላይ ቆየ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ወጣት ምሳ ዕቃ በፎጣ ጠቅልላ መጣች። ጥርሷ ፍንጭት፣ ሳቂታ፣ ቆንጆ ልጅ ናት። ይርጋ ገና ከሩቅ ሲያያት ፊቱ በራ። ያንን አስተያየት ኤልዳና ታውቀዋለች። በድራማው ውስጥ አንድም ቀን አሳይቶት አያውቅም፤ ዳይሬክተሩ «ቁም» ብሎ ቀረጻው ሲቆም፣ ከካሜራው ኋላ ምሳውን ይዛ ወደቆመችው ወደ እሷ ዞሮ ነበር እንደዚያ የሚያየው። ከየት እንዳገኙት አልገባትም። ምናልባት ወንድ ሁሉ ሚስቱን እንደዚያ ያይ ይሆናል።

ቀናች። በዚህ ዕድሜዋ፣ በሞተ ባሏ፣ ተፈጥራ በማታውቅ ሴት እንደ ኮረዳ ቀናች፤ የቅናቱ ብርታት ራሷን አስደነገጣት።

ይርጋ ለብርቄ ወንበሩን ለቀቀላት፣ እሱ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምሳ ዕቃውን ከፈተችለት። ሽሮ ነው፤ በላዩ ላይ ቃሪያ ተከትፎበታል።

«ቃሪያ አይበላም» አለች ኤልዳና።

ብርቄ እንጀራውን ቆርሳ ጠቀለለች።

«ጨጓራውን ያመዋል!» ኤልዳና ከወንበሯ ተነስታ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። «አንቺ ልጅ፣ አይበላም እኮ! ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያመው!»

ብርቄ አጎረሰችው። ይርጋ አላመጠ፣ ዋጠ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እንዲህ የሚጥም ነገር በልቼ አላውቅም» አላት።

ኤልዳና ተመልሳ ተቀመጠች። ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ምሳቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ሁለቱን አየቻቸው።